ለሐውልት የተቀመጥኩ ሰሞን

እኔ መቀመጥ አልችልም። ለወግ አይደለም የምለው። ቅዳሴ ላይ እግሬን ስቀያይር ነው የሚያልቀው። ሚኒባስ ውስጥ ጉልበቴን ሳወዛውዝ አጠገቤ ያለው ሰው "እህቴ፣ ሰላም ነው?" ይለኛል። እናቴ ከልጅነቴ ጀምሮ "ምነው፣ መርፌ ላይ ነው እንዴ የተቀመጥሽው?" ስትለኝ ነው የኖረችው። እህቴ ደግሞ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ካስቀመጧት ቦታ የማትነቃነቅ፣ ሳቋ እንኳን ድምፅ የሌለው ልጅ ነበረች። ጠባያችን ሰማይና ምድር፣ መልካችን ግን አንድ። በሁለት ዓመት ትበልጠኛለች እንጂ የማያውቀን ሁሉ መንታ ነበር የሚያደርገን።

እና እንግዲህ ጉዴን ስሙት፤ ለሐውልት ተቀመጪ የተባልኩት እኔ ነኝ።

የሐውልት ነገር ድሮም አያስችለኝም። ቦሌ መንገድ ላይ አንድ ሕንፃ ሥር ባለ ቡቲክ ነው የምሠራው። ጠዋት ስንከፍት የመጀመሪያ ሥራዬ መስኮቱ ላይ የሚቆሙትን አሻንጉሊቶች ማልበስ ነው። ሰው ያክላሉ። ክንዳቸውን ነቅዬ፣ እጅጌው ውስጥ አስገብቼ፣ መልሼ እገጥማለሁ። "ነይ ወዲህ፣ ደግሞ አትኮሳተሪብኝ" እያልኩ አወራቸዋለሁ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ "ይቺስ ለይቶላታል" ትላለች። ትበል። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ይሄ አገጭ ከሰማይ አልወረደም፤ የሆነ አገር አንዲት ሴት ተቀምጣ የሰጠችው አገጭ ነው። አሁን የት ናት? አርጅታ ይሆናል፣ ሞታ ይሆናል፣ አገጯ ግን ቦሌ ላይ የበዓል ቅናሽ ለብሶ ቆሟል። ይሄን ሳስብ እጄ ላይ ያለውን ክንድ አስቀምጬ ትንሽ ውጭ ወጥቼ እመለሳለሁ።

አንድ ጊዜ ደግሞ የበዓል ባዛር ላይ፣ ከራሱ እስከ እግሩ የብር ቀለም የተቀባ ልጅ ሳጥን ላይ ቆሞ አየሁ። ሰው ከቦታል፣ አብሮት ፎቶ ይነሣል፣ ሕፃናት ሱሪውን ይጎትታሉ፤ እሱ ድርቅ። የምሳ ሰዓቴን እዚያው ጨረስኩ። ዞርኩት። "ሰው ነህ፣ ነቅቼብሃለሁ" አልኩት። ዝም። "እንዴት ያስችልሃል?" ዝም። ተስፋ ቆርጬ ልሄድ ስል፣ ከንፈሩ ሳይነቃነቅ፣ "እህቴ፣ በናትሽ ዝንቧን እሽ በይልኝ" አለኝ። ለካ አፍንጫው ላይ ዝንብ ተቀምጣበታለች። እሽ አልኩለት። ከሳቄ ብዛት እንባዬ መጣ። ከዚያ ደግሞ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ቀኑን ሙሉ አሻንጉሊቶቹን ሳላወራቸው ዋልኩ።

እህቴ ባለፈው ዓመት ሞተች። ታመመች፣ ጥቂት ሳምንት ሆስፒታል ተኛች፣ አለቀ። ስለ ሕመሙ አላወራም፤ ሳወራው ያናድደኛል። ማውራት የምፈልገው ስለ ለቅሶው ድንኳን ነው። ወደ ድንኳኑ የገባ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ደረቱን ይደቃል። "ቁርጥ እሷን! ወይኔ፣ ቁርጥ እሷን!" እያለ አንገቴ ላይ ይጠመጠማል። አንዲት ከገጠር የመጡ አክስቴ ጭራሽ ፊቴን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በእህቴ ስም እየጠሩኝ፣ "ምን አስቀየምንሽ? ለምን ጥለሽን ሄድሽ?" አሉኝ። እኔም ጮህኩባቸው። "አልሄድኩም! እኔ አለሁ!" አልኩ። ሐዘን ነው ብለው ውኃ አጠጡኝ። የሐዘን አልነበረም፤ ፈርቼ ነበር።

ድንኳኑ ተነሣ፣ ሰው ወደየቤቱ ሄደ፤ ጎሮ ባለው ቤታችን እኔና እናቴ ቀረን። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። እናቴ አታየኝም። ታወራኛለች፣ ታበላኛለች፣ ከሥራ ስቆይ ትደውላለች፤ ፊቴን ግን አታይም። ሳህን ስታቀብለኝ እጄን ታያለች። ስታናግረኝ ጫማዬን፣ ግድግዳውን፣ በሩን። መጀመሪያ አጋጣሚ መሰለኝ። ሆን ብዬ ፊት ለፊቷ እቀመጣለሁ፤ ትነሣለች። እከተላታለሁ፤ ጓዳ ትገባለች። እንደ ሕፃን ቤቱን ሙሉ አባረርኳት ብል ማጋነን አይደለም።

ፀጉሬን ተቆረጥኩ። እህቴ ፀጉሯን በሕይወቷ አጭር አድርጋ አታውቅም። ገና በሩን ስከፍት "እማዬ፣ እዪኝማ" አልኳት።

ጀርባዋን እንደሰጠችኝ "ያምራል" አለች።

"ምኑ? ሳታዪው?"

"አየሁት።"

"መቼ?"

"በቃ አየሁት አልኩሽ!"

ገብቼ በሬን ዘጋሁ። ምን ይባላል? አንዲት እናት የሞተች ልጇን ፊት በየቀኑ ቤቷ ውስጥ ሲንከራተት ማየት ካቃታት ማን ይፈርድባታል? እኔም አልፈረድኩም። ግን እህቴንም አጥቼ እናቴንም አጣሁ፤ ሁለቱን በአንድ ፊት። ቡቲኩ ውስጥ ወጪ ገቢው ሁሉ ያየኛል፣ ቤቴ ስገባ ግን እንደሌለሁ ነኝ። ሰው እንዴት ዕቃ እንደሚሆን ለማወቅ ባዛር መሄድ አላስፈለገኝም።

እንዲህ እያለን ነው እናቴ ራት ላይ፣ ሊጠይቀን ለመጣው ታናሽ ወንድሟ፣ ለአጎቴ፣ "ሐውልት አሠራላታለሁ" ያለችው።

አጎቴ ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "አሁን እኮ እትዬ፣ ሰው የሚያሠራው እብነ በረድ ላይ ፎቶ ነው። በኮምፒዩተር ይቀርጹታል፣ ያምራል።"

"ፎቶ አልፈልግም። ፊት ነው የምፈልገው። ስሄድ የምዳብሰው ፊት።"

እናቴ አንዴ ካለች አለች ነው። መቃብሩ ላይ ያለ ፈቃድ የሚቆም ነገር የለምና የደብሩ ጽሕፈት ቤት ተመላልሳ አሰለቸቻቸው። በመጨረሻ ከደረት በላይ ብቻ፣ ትንሽ ይሁን፣ ብለው እሺ አሏት። አጎቴ ደግሞ ሠሪውን አገኘ። ጎሮ ውስጥ ከአንድ ጋራዥ ጀርባ፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ያላቸው፣ ጋሼ የምላቸው ሰውዬ ናቸው። ለሆቴል አንበሳ ይሠራሉ፣ ለመናፈሻ አጋዘን ይሠራሉ፣ ለመቃብርም ሰው ይሠራሉ። ግቢው ውስጥ ሁሉም አንድ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። አትላስ አካባቢ አንድ ሆቴል በር ላይ እንስራ ተሸክማ የምትቆም የሲሚንቶ ሴት አለች፤ በታክሲ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ወገቧ የሚያሳዝነኝ። እሷንም የሠሯት እሳቸው ናቸው።

አጎቴ የእህቴን ፎቶ ከስልኩ አወጣላቸው። ጋሼ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው፣ አራቁት።

"አፍንጫዋ የት አለ?" አሉ።

ሁላችንም አየን። እውነታቸውን ነው፤ አፍንጫ የለም። እህቴ ዝምተኛ ትሁን እንጂ ያለ ፊልተር ፎቶ አትነሣም ነበር። ጉንጯ እንደ እንቁላል የለሰለሰ፣ ዓይኗ የተለጠጠ፣ አገጯ የሾለ። ሌላ አሳየናቸው፤ ያው። የምረቃዋን አሳየናቸው፤ ፎቶ ቤቱ ደግሞ በራሱ ጠርጎ ጨርሶታል። የምናለቅስላት ልጅ በስልካችን ውስጥ ሙሉ አንድም ቦታ የለችም! እዚያው ግቢ ቆሜ ሳቄ መጣ። አጎቴ በክርኑ ጎሸመኝ።

"በዚህ ፎቶ የፊቷ አጥንት አይወጣም" አሉ ጋሼ። "የምትመስላት ዘመድ የለችም?"

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። ጋሼም ዞሩ። የሲሚንቶው አንበሳ ሁሉ የዞረብኝ መሰለኝ።

እሺ አልኩ። ወዲያው፣ ሳላስብበት። እውነቱን ልናገርና፣ ለእህቴ ብዬ አልነበረም። ያ ፊት አንድ ቦታ ተሠርቶ ከተቀመጠ፣ እናቴ እሱን እያየች ታለቅሳለች፣ ይወጣላታል፣ ቤት ስትመጣ ደግሞ የኔን ለኔ ትተውልኛለች፤ ያልኩት ይሄንን ነው። ለማንም አልነገርኩም። ሕፃን ነገር ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሌላ ምን ነበረኝ?

ከሥራ የዕረፍት ቀኔን እየጠበቅኩ እሄድ ጀመር። ጋሼ በርጩማ ላይ ያስቀምጡኛል፤ ጭቃውን ከእርጥብ ጨርቁ ይፈቱታል፤ ከዚያ ሥቃዬ ይጀምራል። አፍንጫዬን ይበላኛል። ጀርባዬን ይበላኛል። ጋራዡ ውስጥ መኪና ሲያጓራ አንገቴ ይዞራል።

"አንቺ ልጅ፣ አጋዘኗ ትሻልሽ ነበር" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ አጋዘኗ ተነሥታ መሄድ ስለማትችል ነው።"

ይስቃሉ። ሲስቁ እጃቸው አያቆምም። አንድ ቀን ባለ እንስራዋ ማን እንደሆነች ጠየቅኳቸው።

"ባለቤቴ ናት" አሉ። "ያኔ ገና እንደተጋባን ነው የሠራኋት። አሁን በዚያ ሆቴል በር አታልፍም፤ ታክሲው በዚያ ከሄደ ፊቷን ታዞራለች።"

"ለምን? ተጣላችሁ?"

"'እሷ እኮ አላረጀችም' ትለኛለች። ቀናችባት።"

ቤት እስክደርስ ስስቅ ሄድኩ። እቤት ስደርስ እናቴ "መጣሽ?" አለችኝ፣ ለበሩ እጀታ።

የባሰው ነገር ሌላ ነበር። መቀመጡ ሳያንስ እህቴን መሆን ነበረብኝ። በርጩማው ላይ ሆኜ አፌን እንደሷ ለመግጠም እሞክራለሁ። እሷ ከንፈሯ ላይ ከንፈሯን አሳርፋ ነበር የምትዘጋው፤ እኔ እነክሰዋለሁ። ግንባሬን ላላ አደርጋለሁ። የሰው ነገር የምትሰማበትን፣ ራሷን ትንሽ ወደ ግራ የምታዘነብልበትን፣ ያንን አመጣለሁ። ለጥቂት ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣ ደግሞ ከውስጥ የሆነ ሰው ልብሴን የለበሰ ይመስለኛል። ብድግ እላለሁ። ግቢውን በእርምጃ እዞራለሁ።

"ቅድም ማን ነበረች?" አሉኝ ጋሼ አንዴ።

"እሷ።"

"ተይ፣ ራስሽን ሁኚ። በሚሄድና በሚመጣ ፊት አልሠራም። አጥንቱ አንድ ከሆነ ይበቃል።"

"እማዬ እኮ እሷን ነው የምትፈልገው!"

"እኔ የተቀመጠውን ነው የምሠራው፣ ልጄ።"

እና ሠሩት። ከቀን ወደ ቀን ጭቃው ሰው ሆነ። ስንት ዘመን የሰው አገጭ ሳይ የኖርኩት ልጅ፣ የራሴ ሲወጣ ማየት አቃተኝ። በጎን በኩል እሰልላለሁ። ጋሼ በጄሶ ቅርፁን ወስደው፣ በነጭ ሲሚንቶና በእብነ በረድ ዱቄት ሲያወጡት ግን አጎቴን ይዤ ሄድኩ። አጎቴ ባርኔጣውን አወለቀ፣ ዓይኑን ጠረገ። "እሷ ናት" አለ። ተነፈስኩ። አጎቴ እሷ ናት ካለ እናቴም ትላለች፣ ብዬ ቀኑን እቆጥር ጀመር።

የሙት ዓመቷ ዕለት ሰው መጣ። ቀሳውስቱ ፍትሐቱን ደገሙ። መቃብሯ ላይ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ነገር ቆሟል። ጋሼ በክብር ልብሳቸው ዳር ይዘዋል። እናቴ ከፊት፣ እኔ ትንሽ ወደ ኋላ፤ ነጠላዬን ፊቴ ላይ ጣል አድርጌአለሁ፣ እንዳላደናግራት ብዬ። አጎቴ ጨርቁን ገፈፈው።

ሴቶቹ አንድ ላይ እሪ አሉ። "ቁርጥ እሷን! ቁርጥ እሷን!" አክስቴ የእህቴን ስም እየጠሩ ደረታቸውን ደቁ። እናቴ ብቻ ተጠጋች። እጇን አነሣችና ግንባሩን ዳበሰች፣ ቅንድቡን፣ ከንፈሩን። ጣቷ ከንፈሩ ላይ ቆመ።

"ይቺ እሷ አይደለችም" አለች።

"እሷ ናት እንጂ እትዬ!" አለ አጎቴ። "አፈር ስሆን፣ እንዴት እንዲህ ትያለሽ?"

"ዝም በል! የወለድኳቸው እኔ ነኝ፣ ለኔ ልትነግረኝ ነው? ይሄ ቅንድብ የማን ነው? ስትናደድ አንዱን ወደ ላይ የምትሰቅለው ትንሿ ናት። ይሄ የተነከሰ ከንፈር የማን ነው?" ድምፅዋ እየጨመረ ሄደ። "በስመ አብ! በቁሟ ያለች ልጄን ወስዳችሁ መቃብር ላይ ታቆሙብኛላችሁ? ምን በደልኳችሁ?"

ጋሼ "እናቴ፣ እኔ..." ብለው ጀመሩ። አልሰማቻቸውም። ነጠላዋን ከትከሻዋ ገፍፋ ሐውልቱን ከራሱ እስከ ደረቱ ጠቀለለችው፣ ሕፃን እንደሚጠቀለል። "አንሱልኝ! አሁን! ልጄ እዚህ አታድርም!"

ሁሉ ነገር ፈረሰ ብዬ ነው ያሰብኩት። ነጠላዬን ከፊቴ ገለጥኩ። ለቅሶዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ሰው ፊት ነው ማለትም አልቻልኩም። "እማዬ፣ እኔ ነኝ የተቀመጥኩት" አልኩ። "እኔ ነኝ እሺ ያልኩት። እሷን ስለምመስል ማየት አቃተሽ። ፊቷ እዚህ ከቆመልሽ እኔን ታዪኛለሽ ብዬ ነው።"

መሬቱን ነበር የምታየው። "ማን አለሽ?" አለችኝ ቀስ ብላ።

"ምኑን?"

"እሷን ትመስያለሽ ብዬ እንደማላይሽ ማን አለሽ? እኔ እናንተን አንድ ቀን አምታትቼ አላውቅም። በኮቴያችሁ እለያችኋለሁ።"

"ታዲያ ለምንድነው?"

አንዱ ቄስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ እናቴ፣ ለእግሬ፣ እንዲህ አለች፦

"እሷን ዓይኔን ሳልነቅል ነበር የማያት። ሆስፒታሉ አልጋ ጠርዝ ላይ ሆኜ፣ ከጨፈንኩ ትሄድብኛለች ብዬ፣ ሳልጨፍን። እያየኋት ሄደች። እያየኋት! አንቺን ካላየሁሽ ትቆዪልኛለሽ ብዬ ነው።"

ይሄን ሰምቶ የሚያለቅስ ሰው አለ፣ የሚያቅፍ አለ። እኔ ተናደድኩ። እውነቴን ነው፣ ደሜ ፈላ። አንድ ዓመት ሙሉ ቤት ውስጥ ፊቴን ይዤ ስዞር፣ ፀጉሬን ስቆርጥ፣ ሌላ ሰው ልሆን በርጩማ ላይ ስሠቃይ፣ ለካ እሷ በጓዳ በኩል እየጠበቀችኝ ኖሯል።

"እና ቆየሁልሽ እኮ!" ብዬ ጮህኩባት፣ ቀሳውስቱ ፊት። "ቆየሁልሽ! እዪኛ!"

አገጬን ያዘችው። ቀስ ብላ፣ ከአገጬ ወደ ላይ፣ አፌን፣ አፍንጫዬን፣ መጨረሻ ላይ ዓይኔን አየችው። የኔም ዓይን ሸሸ፤ መታየት ለካ ይረሳል። አገጬን እንደያዘች ወደሷ መለሰችው።

ጋሼ ሐውልቱን በነጠላዋ እንደተጠቀለለ ደረታቸው ላይ አቅፈው ወደ መኪናቸው ወሰዱት። እኛን አጎቴ በራሱ መኪና ይዞን ወደ ጎሮ ተመለሰ። እናቴ ከፊት አልቀመጥም ብላ ከኋላ ከኔ ጋር ገባች። መንገዱ ተቆፍሮ ስለነበር ሄድ ቆም እያልን ነው የተጓዝነው። እሷ ወገቧን አጣምማ፣ ሙሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞራ ተቀምጣለች።

"ከስተሻል" አለች።

"አልከሳሁም።"

"ከስተሻል። ይሄ ዓይንሽ ሥር ደግሞ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የጠቆረው? ይቺ ጉንጭሽ ላይ ያለችው ነጥብስ? ይቺ አልነበረችም።"

"እማዬ በቃ። ሰው ያያል።"

"ዝም በዪ" አለችኝ፣ ጣቷን ነጥቧ ላይ እንዳደረገች። "ገና መች አየሁሽ።"